የ68 ጨዋታ ልጆች

ባለፈው እሑድ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚህ ሰዓት የሚደወል ስልክ መልካም ወሬ ይዞ አይመጣምና ደንግጬ አነሳሁት። የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከኤድመንተን። እዚያ ገና ቅዳሜ ምሽት አንድ ሰዓት ነው። ምንም ሳይል ካሜራውን አዞረልኝ። ነጭ ሜዳ፣ ከመስታወት ጀርባ የታጨቀ ሕዝብ፣ ዱላ ይዘው የሚበሩ ልጆች። አንዱ ሌላውን ከመስታወቱ ጋር ሲያላትመው ድምፁ ቤቱን ሞላው።

እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ «ምንድን ነው? ጠብ ነው እንዴ?» አለች።

«የፈረንጅ ገና ጨዋታ ነው እማዬ» አልኳት።

ለቀልድ ነበር፤ የበረዶ ሆኪ ነው። በኋላ ሳስበው ግን ብዙም አልተሳሳትኩም። ዱላ አለ፣ በጥንግ ፈንታ ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ ጎማ አለች፣ ግፊያ አለ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውንም ሰምተውታል መሰለኝ፤ ተላትመው ይወድቁና ተነስተው ይቀጥላሉ።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። «ስንት ዓመታቸው ነው?» ስለው «ከ16 እስከ 20፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው» አለኝ። «የዋንጫ ጨዋታ ነው?» አልኩት። ሳቀ። «ኧረ ተራ ጨዋታ ነው። በዓመት 68 ይጫወታሉ።»

68! በማግስቱ የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁት። 16 ዓመቱ ነው፤ ፕሮጀክት ውስጥ ኳስ ይጫወታል። ባለፈው ዓመት ዳኛ ያለበት፣ ማልያ የተለበሰበት፣ ውጤቱ የተመዘገበበት ስንት ጨዋታ እንደተጫወተ ጠየቅኩት። በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አንድ እጁ አልሞላም። «ክረምት ላይ ሁለት ተጫውተን ወደቅን፤ ከዚያ ደግሞ አንድ የወዳጅነት…» ብሎ አሰበና ተወው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳገላብጠው ነው የሰነበትኩት። ስለ በረዶ ሆኪ ብዙ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ጅማ ላይ በረዶ የሚታየው ወይ ጭማቂ ቤት ወይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ነው። ቢሆንም የእነዚያ ልጆች ዓመት እንዴት እንደተሠራ ማየት ስለ እኛ ልጆች ዓመት ብዙ ያስባል። በዚያ ላይ እዚያ አሁን ትልቅ ክርክር ተነሥቷል፤ ክርክሩ ደግሞ የኳስና የትምህርት ነገር ስለሆነ ጉዳዩ የእኛም ነው።

መጀመሪያ ሊጉን እንየው። የአክስቴ ልጅ ያሳየኝ ጨዋታ የምዕራባዊ ሆኪ ሊግ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን በአራት የካናዳ ግዛቶችና በሁለት የአሜሪካ ግዛቶች ይካሄዳል። በ2025–26 የውድድር ዘመን 23ኛው ቡድን ከፔንቲክተን ገብቷል። የኦንታሪዮና የኩቤክ አካባቢ ደግሞ የየራሳቸው ሊግ አላቸው። ሦስቱ በአንድ ጥላ ሥር «የካናዳ ሆኪ ሊግ» ይባላሉ፤ የሦስቱ ሻምፒዮናዎችና አንድ አዘጋጅ ቡድን በዓመቱ መጨረሻ ሜሞሪያል ካፕ ለሚባለው ዋንጫ ይጋጠማሉ። ዋንጫው ከ1919 ጀምሮ ያለ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የካናዳ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። የ2025ቱን የለንደን ናይትስ ቡድን ወስዶታል። የኦንታሪዮዋ ለንደን ናት እንጂ የእንግሊዟ አይደለችም፤ እኔም መጀመሪያ ተደናግሬ ነበር።

ዋንጫውን ግን ለጊዜው እንተወው። ቁም ነገሩ ከዋንጫው በፊት ያለው ነው። የምዕራቡ ሊግ በመስከረም ይከፈታል። 34 ጨዋታ በሜዳ፣ 34 ከሜዳ ውጪ፣ እስከ መጋቢት። ከዚያ 16 ቡድኖች ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። ጥሎ ማለፍ ሲባልም የእኛ ዓይነት፣ አንዴ ተሸንፈህ ቤትህ የምትገባበት አይደለም። አራት ጊዜ ያሸነፈ ነው የሚያልፈው፤ አንድ ክፉ ቀን ብቻውን ልጁን አያስወጣውም።

መስከረም ምን ይከፈታል? ትምህርት ቤት። የካናዳዎቹ ወቅት የተሰፋው በትምህርት ዘመኑ ላይ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ልጅ ጠዋት ክፍል ይገባል፣ ከሰዓት ልምምድ ይሠራል፣ አብዛኛው ጨዋታ ዐርብና ቅዳሜ ላይ ይወድቃል። አገሩ ሰፊ ስለሆነ ብዙው ልጅ ከቤቱ ርቆ ነው የሚጫወተው። ከማኒቶባዋ ብራንደን እስከ ቪክቶሪያ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ በሉት። ስለዚህ ቡድኑ ባለበት ከተማ አንድ ቤተሰብ ልጁን ተቀብሎ ያኖረዋል። ራቱ እዚያ፣ አልጋው እዚያ።

ይሄ ለጅማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከማና መጥተው ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች በየሰፈራችን አሉ። ልዩነቱ የእኛዎቹ ራት የሚሠሩት ራሳቸው መሆናቸው ነው፤ ስንቁም በየሳምንቱ ከቤት ይመጣል።

አሁን ወደ ክርክሩ። እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ጠለቅ ይላል።

በምዕራቡ ሊግ አንድ የውድድር ዘመን የተጫወተ ልጅ የአንድ ዓመት የኮሌጅ ክፍያና መጽሐፍ ይጠበቅለታል። ሁለት ዓመት ከተጫወተ ሁለት ዓመት። ዝርዝር ቅድመ ሁኔታ አለው፣ መሠረቱ ግን ይሄ ነው። ጥሩ ይመስላል። ችግሩ ከድንበሩ ማዶ ነበር። የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ የሚሉት፣ የእነዚህን ሊጎች ልጆች ለብዙ ዓመታት እንደ ሙያተኛ ይቆጥራቸው ነበር። ምክንያቱም ልጆቹ ጥቂት የኪስ ገንዘብ ያገኛሉ፤ ከመካከላቸውም ከትልቁ የሙያተኞች ሊግ፣ ከኤንኤችኤል፣ ጋር ውል የፈረሙ አሉ። ስለዚህ የካናዳ ሊግ ውስጥ የተጫወተ ልጅ ለአሜሪካ ኮሌጅ መጫወት አይችልም ነበር።

ይህ ማለት የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ ገና ጢሙ ሳይበቅል አንዱን በር መዝጋት ነበረበት ማለት ነው። ወይ የካናዳው ሊግ፣ ወይ የአሜሪካው ኮሌጅ። በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር መመለሻ የለውም። በ16 ዓመቱ ሁለት የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ የኮሌጁ በር የተዘጋበት አንድ ልጅ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ክስ መሠረተ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2024፣ ማኅበሩ ደንቡን ለመቀየር ወሰነ። አዲሱ ደንብ ከነሐሴ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ይሠራል፤ የ2025–26 የውድድር ዘመን የመጀመሪያው ነው ማለት ነው።

የደረሰውን ለማየት አንድ ልጅ ይበቃል። ጋቪን ማኬና በ2024–25 የውድድር ዘመን ለምዕራቡ ሊግ ቡድን ለሜዲሲን ሃት ታይገርስ በ56 ጨዋታ 41 ጎል አግብቶ 88 አቀብሏል። በሊጉ ገና የሚጫወትበት ዕድሜ ነበረው። በሐምሌ 2025 ፔን ስቴት ወደሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መሄዱን አስታወቀ። በቀድሞው ደንብ ይሄ የማይታሰብ ነበር።

ለልጁ በር ተከፈተለት። ለሊጉስ? ትልልቆቹን ልጆች ኮሌጅ ይወስድበታል፤ በምትኩ ድሮ ኮሌጅን ፈርተው የማይመጡ ታዳጊዎች ይመጡለታል። የሊጉ ዕድሜ ወደ ታች ይወርዳል፤ የኮሌጁ ደግሞ ጠንካራ ይሆናል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ሊጉ ተጎዳ አልተጎዳ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ሁለት በር ይኖረው የሚለው ይቀድማል። ሊግ የተሠራው ለልጅ ነው፤ ልጅ ለሊግ አልተሠራም።

እዚህ ላይ የእኛ ቤት ትዝ ይለኛል። የጎረቤቴ ልጅ አባት ማታ ማታ የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ «ወይ ኳስ ወይ ትምህርት።» ብዙ አባት ይላል፤ አባቴም ብሎኛል። ድሮ ይሄን እንደ ጭካኔ ነበር የማየው፤ አሁን ሳየው አባቶቹ ትክክል ናቸው። በእኛ አሠራር ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ለምን? የታዳጊዎች ውድድር በብዛት የሚዘጋጀው ክረምት ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ። ጅማ ክረምት ላይ ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ላይ የሰፈራችን ሜዳ በረኛው የሚቆምበት ቦታ ጉድጓድ ሆኖ ውኃ ይቋጥራል። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ፍጹም ቅጣት ምት መታ። ኳሷ ግማሽ መንገድ ሄዳ ጭቃው ላይ ቆመች። በረኛው ወጥቶ አነሳት። ተመልካቹ በሳቅ ሞተ። መቺው ግን አለቀሰ፤ በዚያች ኳስ ዓመቱ አልቆበታል።

ጥር ላይስ? ሜዳው ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ ደህና ነው፣ ልጁ ከተማ ውስጥ ነው፣ ጨዋታ የለም። በረዶ የሌለን ሰዎች ደረቁን ወቅት ትተን በጭቃው እንጫወታለን። ዋንጫ አለን፤ የውድድር ዘመን ግን የለንም። ልጁ መቼ እንደሚጫወት ስለማያውቅ ቤተሰቡም ለትምህርቱና ለኳሱ ሰዓት ሊያካፍል አይችልም። የታወቀ ቀን ቢኖር እኮ አባትዬው «ሐሙስ የቤት ሥራህን ጨርስ፣ ዐርብ ትጫወታለህ» ይላሉ። ቀን ከሌለ ያለው ምርጫ ወይ ሁልጊዜ መፍቀድ ወይ ሁልጊዜ መከልከል ነው።

ትልቁን ደረጃ ለማነጻጸር ያህል፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በገባበት በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን ወሰደ። ያን ቀን ከተማው እንዴት እንደነበረ አልረሳም፤ ባጃጆቹ ሁሉ ጥሩምባ ሆነው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ጅማም ተራዋን አግኝታ በቴሌቪዥን ታየች። በ2014 ዓ.ም. ክለቡ ከሊጉ ወረደ። መውረድ የትም አለ፣ አያሳፍርም። እኔ የምለው፣ ከዚያ ሁሉ ደስታ በኋላ የጅማው የቆጪ ወይም የመርካቶ ሰፈር ልጅ በሳምንት አንድ ቀን የሚጫወትበት የታወቀ ፕሮግራም ተረፈለት ወይ ነው።

ይሄ ገንዘብ ይፈልጋል የሚል ይኖራል። ይፈልጋል። ሆኪማ የሀብታም ጨዋታ ነው። በጣሪያ ሥር በረዶ ማቆየት ራሱን የቻለ የመብራት ወጪ ነው፤ የበረኛ ልብስና መከላከያ ዋጋ ሲነገረኝ ሁለት ጊዜ ነው ያስደገምኩት። ጎረቤት ኬንያ ናይሮቢ ውስጥ አንድ ሆቴል ባለው ትንሽ የበረዶ ሜዳ ተጀምሮ በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተባባሪ አባል ሆናለች፤ ጎበዞች ናቸው፣ እኛ ግን ወደዚያ እንግባ አልልም። ከካናዳዎቹ መቅዳት የሚቻለው ሜዳውን ወይም ዱላውን ሳይሆን ቀን መቁጠሪያውን ነው። ቀን መቁጠሪያ ደግሞ ርካሽ ነው።

ከተማ ትልቅ መሆን የለበትም። ስዊፍት ከረንት የምትባል የሳስካችዋን ግዛት ከተማ ነዋሪዋ 17 ሺህ አካባቢ ነው። ጅማ በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ 120 ሺህ ገደማ ነበረች፤ ዛሬ ስንት እንደሆነች ገምቱ። ያቺ ትንሽ ከተማ በዓመት 34 ማታ ጨዋታ ታስተናግዳለች። ቡድኑ የባለሀብት ሳይሆን የከተማው ሕዝብ ነው።

ይሁንና ስዊፍት ከረንትን ለማሞገስ ብቻ አላነሳኋትም። በታኅሣሥ 1986 እ.ኤ.አ. የቡድኑ አውቶቡስ በበረዶ መንገድ ተንሸራትቶ ተገለበጠና አራት ተጫዋቾች ሞቱ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ1989፣ ቡድኑ ሜሞሪያል ካፕን ወሰደ። አገሩ ሁሉ አለቀሰ። የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ግን በወጣት ተጫዋቾቹ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ይፈጽም እንደነበር በኋላ ተጋልጦ በ1997 ተፈረደበት። ልጅ ከቤቱ ርቆ፣ የወደፊት ዕድሉ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ምን ሊመጣ እንደሚችል ይሄ በቂ ነው። እኛም «አሠልጣኙ እንደ አባት ነው» ማለት እንወዳለን። አባትም ይጠየቃል።

መንገዱም ሌላ ነገር ነው። በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. የሃምቦልት ብሮንኮስ አውቶቡስ በዚያው ግዛት ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ 16 ሰው ሞተ፤ አሥሩ ተጫዋቾች ነበሩ። ይሄኛው ከላይ ካልኩት ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ የሳስካችዋን የወጣቶች ሊግ ነው። ቡድኑ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሊያደርግ ነበር የሚሄደው። ያን ሰሞን በመላ ካናዳ ሰው የሆኪ ዱላ ደጃፉ ላይ አቆመ፤ ለሞቱት ልጆች ምናልባት ዱላ ቢያስፈልጋቸው በሚል። በቀጣዩ ዓመት ግዛቱ ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች አስገዳጅ ሥልጠና ደነገገ። የጊቤን ቁልቁለት በሌሊት በሚኒባስ የወረደ ማንኛውም የእኛ ታዳጊ ቡድን አሠልጣኝ ይሄን ሲሰማ ዝም ነው የሚለው።

ሌላም የማልወደው አላቸው። እስከ ጥር ድረስ ቡድኖች ልጆቹን ይለዋወጧቸዋል። የ17 ዓመት ልጅ ጠዋት ተጠርቶ «ተቀይረሃል» ይባልና በዓመቱ አጋማሽ ከተማ፣ ትምህርት ቤትና የሚያኖረውን ቤተሰብ ይለውጣል። ቤት የለመደ ልጅ እንደ ዕቃ። ደመወዝም አለ፤ ማለትም የለም። የቀድሞ ተጫዋቾች በ2014 እ.ኤ.አ. ቢያንስ ዝቅተኛው ደመወዝ ይከፈለን ብለው ከሰሱ። ከአንድ በላይ ግዛቶች ልጆቹን ከዚያ ሕግ ውጪ የሚያደርግ ማሻሻያ አወጡ።

አንድ ነገር ላንሳና ወደ ጅማ ልመለስ፤ ዕድሜ። ካናዳ ውስጥ የዕድሜ ክልል የሚቆረጠው በጥር 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ። ሮጀር ባርንስሊ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቹ በ1985 ባሳተሙት ጥናት ከፍ ያለ ደረጃ የሚደርሱት የሆኪ ልጆች ከዓመቱ መጨረሻ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተወለዱ እንደሚበዙ አሳዩ። ምክንያቱ ተሰጥኦ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ከእኩዮቹ በ11 ወር ሲበልጥ ረጅም ይሆናል፤ ረጅሙ ይመረጣል፤ የተመረጠው ብዙ ይጫወታል፤ ብዙ የተጫወተው ጎበዝ ይሆናል። እነሱ ልደት በቀን ተመዝግቦ እንኳ 11 ወር ይሄን ያህል ያዛባል። እኛ ጋ የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የዛሬ የ15 ዓመት ልጅ የተወለደው በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ ያለው ትውልድ ሲወለድ ምዝገባው አልነበረም። ክረምት ላይ «ከ15 በታች» ተብሎ ጢሙን ተላጭቶ የሚመጣውን ስናይ እንስቃለን። የሚጎዳው ግን እውነተኛው የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ሁለት ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓመቱ ያልቃል። ጨዋታው 14 ቢሆን ቢያንስ አንዱ ላይ ይገባ ነበር።

14 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ስምንት ትምህርት ቤቶች በደርሶ መልስ ቢጋጠሙ ለእያንዳንዱ 14 ጨዋታ ይደርሰዋል። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ጥር የመጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ 14 ቅዳሜ አለ። ከፈተናው በፊት ያልቃል፤ ከዝናቡም በፊት። ይሄን ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጻፍኩና የሰፈራችንን አሠልጣኝ ሜዳ ድረስ ሄጄ አሳየሁት። ልምምድ ላይ ነበር፤ 22 ልጆች፣ ሁለት ኳስ፣ አንደኛዋ አየር የጎደላት። ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ኅዳር ላይ ቡና ለቀማ አለ» አለኝ። «ግማሾቹ አይመጡም።»

«እሺ፣ ኅዳርን እናሳሳው።»

«ቅዳሜም አይሆንም። የዴዶ ልጆች ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ይሄዳሉ።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ገበያ ነው። እናቶቻቸውን ያግዛሉ።»

እስክሪብቶዬን ተቀበለኝ። ኅዳር ላይ ሁለት ሳምንት ሰረዘና ወደ የካቲት ወሰዳቸው። ቀጥሎ «ቅዳሜ» የሚለውን በሙሉ ከላይ እስከ ታች ሰርዞ ከጎኑ «ረቡዕ 10 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን አልመለሰልኝም። አጥፎ ኪሱ ከተተና ፊሽካውን ነፋ።